አጥንት ቆጠራ
ስለ ጥንት አዳኞች በተጻፉ ሦስት ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

«እናንተ ደግሞ! ግጥምና ልቦለድ አልቆባችሁ ነው አጥንት ውስጥ የገባችሁት?» ያለን ይህን ጽሑፍ ስንጀምር የሰማ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ይህች መጽሔት የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ናት። ሂስ ስንጽፍ የኖርነውም በልቦለድ፣ በግጥምና በተውኔት ላይ ነው። ነገር ግን ሂስ ማለት አንድ ጽሑፍ ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ማን እንደተናገረ፣ ለማን እንደተናገረና ማንን ዝም እንዳሰኘ መመርመር ከሆነ፣ የሳይንስ ጽሑፍ ከዚህ ምርመራ የሚያመልጥበት ምክንያት አይታየንም። የሳይንስ ጽሑፍም ርዕስ አለው፤ ተራኪ አለው፤ ገጸ ባሕርይ አለው። አንዳንዴም፣ ወደፊት እንደምናየው፣ በትልቅ ፊደል የታተመ ስሕተት አለው።

ሌላም ምክንያት አለን። በአገራችን ሰው ማንነቱ ሲጠየቅ አጥንት ይቆጥራል። አጥንት ቆጠራ ርስት አስገኝቷል፤ ጋብቻ አፍርሷል፤ አንዱን ጨዋ ሌላውን ባሪያ፣ አንዱን ገበሬ ሌላውን ቡዳ አሰኝቷል። አያቶቻችን አጥንት የሚቆጥሩት በአፍ ነበር። ዛሬ ደግሞ በመሰርሰሪያና በኮምፒዩተር የሚቆጥር አዲስ ባለሙያ መጥቷል። የዚህ ባለሙያ ቃል ነገ በመማሪያ መጽሐፍ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በጠጅ ቤት ክርክር ውስጥ እንደሚገባ የታወቀ ነው። እንግዲያው የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች «እኛን አይመለከተንም» ብለን ብንቀመጥ፣ ኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል።

ስለዚህ በንባብ ክበባችን ሦስት ጥናቶችን መርጠን፣ መዝገበ ቃላት ይዘን፣ ያልገባንን የባዮሎጂ ተማሪ ጓደኞቻችንን እየጠየቅን አነበብን። ሁለቱ በ2015፣ አንዱ በ2022 የታተሙ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሳይንሱን ለመዳኘት አቅሙም ድፍረቱም የለንም። ጽሑፉን ግን እናነባለን።

ሀ. ርዕስና እርማት

በጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። ከመካከላችን የጎጃም ልጅ የሆነው ጓደኛችን የራሱ ሞጣ መስሎት ደስ ብሎት ነበር፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለቱ አይለዩም። ጆን አርተርና ካትሪን አርተር የተባሉት አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች በ2011 ወደ ዋሻው የደረሱት የአካባቢው የጋሞ ሰዎች መርተዋቸው ነው። ሰዎቹ ዋሻውን በጦርነት ጊዜ መሸሸጊያነት ያውቁት ኖሯል። በ2012 በተደረገ ቁፋሮ አንድ የተቀበረ ሰው ተገኘ። ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ወንድ ነው። ስሙ ባይራ ተባለ፤ በጋሞ ቋንቋ የበኩር ልጅ ማለት ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ዲ.ኤን.ኤ.ውን አቆየለት። ናሙናው የተወሰደው የውስጥ ጆሮን ከሚያቅፈው፣ እንደ አለት ከጠነከረው የራስ ቅል ክፍል ነው። ባይራ በዚህ መንገድ ሙሉ ጂኖሙ የተነበበለት የመጀመሪያው የጥንት አፍሪካዊ ሆነ።

ጥናቱ በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ርዕሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ጂኖም በመላው የአፍሪካ አህጉር ሰፊ የዩሬዥያ ቅልቅል መኖሩን ገለጸ» የሚል ይሆናል። እስቲ ይህን ርዕስ እንደ አንድ ስንኝ ቆም ብለን እንየው። ባለቤቱ ማን ነው? ጂኖሙ ነው። ሰውየው የለም። የተገለጸው ነገር ምንድን ነው? ስለ ባይራ አይደለም፤ ከዩሬዥያ ስለመጡ ሰዎች ነው። እንዲያውም ባይራ ለጥናቱ የጠቀመው ያ ቅልቅል ከመምጣቱ በፊት የኖረ በመሆኑ ነው። ቅልቅሉ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የሆነ ነው ይባላል፤ ባይራ ደግሞ ከዚያ 1,500 ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ እሱ የሚዛን ድንጋይ ነው። ሌላው ሁሉ በእሱ ይለካል፤ እሱ ራሱ ግን ምን እንደበላ፣ ማንን እንደፈራ፣ ከማን ጋር እንደኖረ የርዕሱ ጉዳይ አይደለም። በልቦለድ ሂስ እንዲህ ያለውን ሰው «ለሌላው ገጸ ባሕርይ ማድመቂያ የገባ» እንለዋለን።

ይህ የአጻጻፍ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው። ነገር ግን ርዕሱ ተሳስቷል። ጥናቱ ሲወጣ የዩሬዥያው ቅልቅል በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ ሳይሆን በምዕራብ አፍሪካ ዮሩባዎችና በኮንጎ ደን ምቡቲዎች ዘንድ እንኳ አለ ተብሎ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ ደራሲዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ። ሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ሲገናኙ መደረግ የነበረበት አንድ የማቀናጀት ሥራ ተዘሎ ኖሯል። በዚህ የተነሣ ባይራ ከመነጻጸሪያው የሰው ጂኖም ጋር አንድ የሆነባቸው ብዙ ቦታዎች ከስሌቱ ወደቁ። ተመሳሳይነቱ ተሰርዞ ልዩነቱ ቀረ ማለት ነው። ባይራ ከሁሉም ሰው የራቀ መስሎ ሲታይ፣ ሌሎቹ አፍሪካውያን ሁሉ ወደ ዩሬዥያ የቀረቡ መሰሉ። ስሌቱ ሲታረም «መላው አህጉር» የሚለው ሐረግ ወድቆ በቦታው «ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ገባ። ለምሥራቅ አፍሪካ የተባለው ግን ጸንቷል።

እዚህ ላይ ክበባችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። በጽሑፉ ላይ 19 ስሞች አሉ። ቆጠርናቸው፤ አንድም ኢትዮጵያዊ ስም የለበትም። ከኛ አንዱ ተነሥቶ «ይኸው ነው! ባለቤቱ በሌለበት የተቆጠረ አጥንት እንዲህ ይሳሳታል» አለ። ሌላዋ ግን ወዲያው ቆረጠችው፤ «ስሕተቱ የኮምፒዩተር ነው። ኢትዮጵያዊ ስም ቢኖርበትም ሊሳሳት ይችል ነበር። ያገኙትም ጋሞዎች ሳይሆኑ ፖንተስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ የተባሉ ሌሎች የውጭ ተመራማሪዎች ናቸው» አለች። እውነቷን ነው። በዚህ ነገር ላይ ስሜት ስለቀደመን እኛም ራሳችንን አርመናል። ስሕተቱን ያወጣው ሌላ ሰው ያንኑ መረጃ እንደገና ማስላት መቻሉ ነው፤ ደራሲዎቹም እንደተነገራቸው አልደበቁትም። ይህን ለሚያህል ቅንነት ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባም።

ታዲያ የ19ኙ ስም ዝርዝር ምኑ ላይ ነው ጉዳቱ? እኛ ጉዳቱን ያየነው በጥያቄው ላይ ነው። ወደ ዋሻው የመሩት የጋሞ ሽማግሌዎች ሲጠይቁ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የዩሬዥያ ሰው መቼ መጣ?» የሚሆን አይመስለንም። «ይህ ሰው ማን ነው? የኛ ነው ወይ? ማን ቀበረው?» የሚል ይሆናል። አብሮ የሚጽፍ የአገር ሰው ስሌት ላያርም ይችላል፤ የሚጠየቀውን ጥያቄ ግን ይቀይረዋል። ለጋሞ ሕዝብ በበኩር ልጅነት የተጠራው ሰው፣ በጽሑፉ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ምስክር ብቻ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

ለ. ቀጥቃጩና ገበሬው

ሁለተኛው ጥናት በዚያው በ2015፣ ከመጀመሪያው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ «ፕሎስ ጄኔቲክስ» ላይ የወጣ ነው። ጥንታዊ አጥንት የለበትም፤ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ዲ.ኤን.ኤ. ያጠና ነው። ከጉዳያችን ግን በሁለት መንገድ ይገናኛል። አንደኛ፣ ከዛሬ ሕዝቦች ሁሉ ለባይራ እጅግ ቅርብ ሆነው የተገኙት አሪዎች ናቸው፤ ይህ ጥናት ደግሞ ስለ አሪዎች ነው። ሁለተኛ፣ «የጥንት አዳኞች ቅሬታ» የሚባለው ነገር በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚሠራ ያሳያል።

አሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ይኖራሉ። ከመካከላቸው ገበሬዎችና ቀጥቃጮች አሉ። ቀጥቃጩ ማረሻውንና ቢላዋውን ይሠራል፤ ገበሬው በሠራለት ማረሻ ያርሳል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። ይህ ነገር የአሪ ብቻ አይደለም። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ እያሉ መለየት፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል ብሎ መፍራት ከሰሜን እስከ ደቡብ የምናውቀው ነገር ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ እንኳ ሰው በቀልድ መልክ ሲያነሣው ሰምተናል።

በአንትሮፖሎጂ መጻሕፍት ስለዚህ ልዩነት አመጣጥ ሁለት ሐሳቦች ነበሩ። አንደኛው፣ ቀጥቃጮቹ ገበሬዎች ከመምጣታቸው በፊት በአገሩ የነበሩ የሌላ ሕዝብ፣ ምናልባትም የጥንት አዳኞች፣ ቅሬታ ናቸው ይላል። ሁለተኛው፣ ሁሉም አንድ ሕዝብ ነበሩ፤ በሥራቸው ምክንያት ተገፍተው ነው የተለዩት ይላል። ቀደም ሲል የተሠሩ የጂን ትንተናዎች ሁለቱ ወገኖች በግልጽ እንደሚለያዩ አሳይተው ስለነበር የመጀመሪያው ሐሳብ ያሸነፈ መስሎ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ገበሬው «አጥንታቸው ሌላ ነው» ሲል የኖረውን ኮምፒዩተር «ልክ ነህ» አለው ማለት ነው!

የ2015ቱ ጥናት ግን ነገሩን በጥንቃቄ መረመረ። ውጤቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ የአሪ ቀጥቃጮችና የአሪ ገበሬዎች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ አንድ የጋራ ዘር ነበራቸው። ልዩነቱ የመጣው ቀጥቃጮቹ ጥቂት ሆነው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው ነው። በቁጥር ያነሰና የተዘጋ ማኅበረሰብ በጂን ከሌላው ቶሎ ይለያል፤ የተለየ አመጣጥ አያስፈልገውም። እንግዲህ ልብ በሉ። ሰዎቹ የተገለሉት የተለዩ ስለሆኑ አይደለም። የተለዩት ስለተገለሉ ነው። ጭቆናው በደማቸው ላይ ምልክቱን ጻፈ፤ ከዚያ ምልክቱ ለጭቆናው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ትንሽ ቀረው።

በዚህ ጽሑፍ የስም ዝርዝር ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጄኔቲክስ ሊቅ እንዳሻው በቀለ አሉ፤ አየለ ታረቀኝም አሉ። ሥራውን የመሩት እነሱ ናቸው አንልም። የውጤቱ ምክንያት እነሱ ናቸውም አንልም፤ የቀደሙት ትንተናዎች ላይም የሁለቱ ስም ነበረና። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ይህ ጥናት የጠየቀው ጥያቄ የአገሩ ሰው በየቀኑ የሚኖረው ጥያቄ ነው። ስለዚህም መልሱ ከሌላ አህጉር ታሪክ ጋር ሳይሆን ከአሪ ሰው ክብር ጋር የተያያዘ ሆነ። ከሁለቱ የ2015 ጽሑፎች ዓለም የጮኸለት የመጀመሪያው ነው። እኛ ግን ትልቁ ሁለተኛው ነው እንላለን። ወደ አማርኛም ወደ አሪኛም ተመልሶ በየቀበሌው ቢነበብ አይበዛበትም።

ሐ. ሦስት ካስማዎች

ሦስተኛው ጥናት በየካቲት 2022 «ኔቸር» ላይ የወጣ ነው። ከታንዛኒያ፣ ከማላዊና ከዛምቢያ የተገኙ የስድስት ጥንታዊ ሰዎችን ዲ.ኤን.ኤ. አዲስ ያቀርባል፤ ቀድሞ የታወቁ የሌሎች 28 ሰዎችንም አብሮ ይመረምራል። ከአዲሶቹ የቀደመው፣ ታንዛኒያ ውስጥ ምላምባላሲ ከተባለው የአለት ጥግ የተገኘው፣ ወደ 18,000 ዓመት ይጠጋል። ከሰሐራ በታች ከዚያ በፊት የተነበበው ዲ.ኤን.ኤ. የዚህን ግማሽ ዕድሜ ያህል ብቻ ነበር የሚሄደው። ሙቀትና ዝናብ ዲ.ኤን.ኤ.ን ይበላሉና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከማላዊ ሆራና ፊንጊራ፣ ከታንዛኒያ ኪሴሴ፣ ከዛምቢያ ካሌምባ የተባሉት ሥፍራዎች አሉበት። አንዳንዶቹ አፅሞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ተቆፍረው በሙዚየም መደርደሪያ ላይ የኖሩ ናቸው።

ይዘቱን በኛ አቅም እንናገር። እነዚህ አድነውና ለቅመው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የሦስት ጥንታዊ የዘር ሐረጎች ድብልቅ ናቸው። አንዱ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዛሬ በሳን ሕዝብ ይታወቃል። አንዱ የመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው፤ በምቡቲዎች ይታወቃል። ሦስተኛው የሰሜን ምሥራቅ ነው፤ የሚታወቀውም በማን መሰላችሁ? በባይራ! የሞታው ሰው እንደገና መለኪያ ሆኖ መጣ። ዛሬ ግን ከሦስቱ የድንኳን ካስማዎች አንዱ ሆኖ ነው፤ የሚለካውም የራሱ ዓይነት ሰው፣ አዳኝ ወገኑ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ታሪክ ደግሞ ያምራል። ሦስቱ ሐረጎች ከማላዊና ከዛምቢያ ድረስ ተደባልቀው መገኘታቸው ሰዎች በጥንት ጊዜ ረጅም መንገድ ይጓዙ፣ ከሩቅም ይጋቡ እንደነበር ያመለክታል። አርኪዮሎጂስቶች ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ ዶቃዎችና ከሩቅ የመጣ የባልጩት ድንጋይ እያዩ ይህን ሲጠረጥሩ ኖረዋል። ከ20,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዱ ሰው በዘር የሚቀርበው በአጠገቡ ለኖረው ሰው ሆነ። ሰዎች ወደየቤታቸው ገቡ፤ የድንጋይ መሣሪያቸውም እንደየአካባቢው ተለያየ። ስለዚህ የጥንት አዳኝ ያለ ታሪክ፣ ያለ ለውጥ፣ እንደ ዱር አራዊት ዘመኑን የገፋ ፍጡር አልነበረም። የሄደበት ጊዜ ነበር፤ የቀረበት ጊዜ ነበር። በማላዊ ሐይቅ ዳር ለመቅረት የወሰነውም እንደኛው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላችን አንድ ነገር እንበል። ርዕሱን ስንተረጉም ተቸገርን። መማሪያ መጻሕፍቶቻችን «አዳኝና ለቃሚ» ይላሉ። «አዳኝ» ሲጻፍ ጠላትን ገድሎ ሰውን የሚያድነውም፣ ድኩላን የሚገድለውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ በማጥበቅና በማላላት ብቻ ነው። ይህስ ይሁን፤ ክብር አለበት። «ለቃሚ» ሲባል ግን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቡና ለቃሚ፣ ወይም ከገንዳ ውስጥ ቆሻሻ ለቃሚ ነው። ቃሉ ገና ከአፍ ሳይወጣ ሰውየውን ድሃ አደረገው። እኛ «አድነውና ለቅመው የሚኖሩ» እያልን አልፈናል፤ አላረካንም። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ይጻፍልን።

ወደ ስም ዝርዝሩ እንመለስ። ይህ ጽሑፍ 44 ደራሲዎች አሉት። ከሃርቫርድ፣ ከየል፣ ከራይስ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ አሉ። ከነሱም ጋር ከማላዊ የሙዚየሞችና የቅርሶች መምሪያ ፖቲፋር ካሊባ፣ ከዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ አውዳክስ ማቡላ፣ ከንጎሮንጎሮ ጥብቅ ሥፍራ አስተዳደር አግነስ ጊድና፣ ከዛምቢያ ሊቪንግስተን ሙዚየም ማጊ ካቶንጎ አሉ። አጥንቱን የሚጠብቁት ሰዎች አጥንቱን ከሚያነቡት ጋር በአንድ ገጽ ላይ ተቀመጡ። ከ2015ቱ 19 ስሞች ወደዚህ በሰባት ዓመት ውስጥ መድረስ እርምጃ ነው። ይህን አለማመን ስስት ይሆንብናል።

መ. ስም ይበቃል ወይ?

ነገር ግን ሂስ እዚህ አያበቃም። ከመካከላችን አንዱ በግልጽ እንዲህ አለ፦ «የስም ዝርዝር ምጽዋትም ሊሆን ይችላል። መሰርሰሪያው የት ነው? ማሽኑ የት ነው? አጥንቱ ተሳፍሮ ሄዶ ስም ብቻ ከተመለሰ ምኑን ተባበርነው?» ይህን ቃል ሳናለዝብ እዚህ እንድናሰፍረው ጠይቆናል፤ አስፍረነዋል። የጥንት ዲ.ኤን.ኤ. ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ ጥቂት ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ነው። አጥንት ደግሞ አንዴ ከተሰረሰረ አይመለስም። መረጃው ሲባዛ ይኖራል፤ አጥንቱ ግን ይጎድላል።

መልስ ፍለጋ ሁለት የሥነ ምግባር ሰነዶችን ጎን ለጎን አነበብን። አንደኛው በ2021 «ኔቸር» ላይ የወጣ፣ ከ31 አገሮች የመጡ 64 ባለሙያዎች የፈረሙበት አምስት መመሪያ ነው። የየአገሩ ሕግ ይከበር፤ ከጥናቱ በፊት ዝርዝር ዕቅድ ይውጣ፤ በአጥንቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይቀነስ፤ መረጃው ከታተመ በኋላ ለሌሎች ምርመራ ይቅረብ፤ የሚመለከታቸው ወገኖች ይነጋገሩበት ይላል። ጥሩ መመሪያ ነው፤ አራተኛው ባይሠራበት ኖሮ የሞታው ስሕተት ተደብቆ ይቀር ነበር። ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝብ ራሱ በ2017 ያወጣው የምርምር ደንብ ነው። የዚህ መነሻ በ2010 የታተመ የጂኖም ጥናት የማኅበረሰቡን መሪዎች ማስቆጣቱ ነው። ዋና ቃሎቹ አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕ፣ ርኅራኄና ሥርዓት ናቸው።

ሁለቱን ሰነዶች እንደ ሰዋስው ተማሪ ብናያቸው ልዩነቱ በተናጋሪው ላይ ነው። በመጀመሪያው «እኛ» የሚለው አጥኚው ነው፤ ማኅበረሰቡ «እነሱ» ነው። በሁለተኛው «እኛ» የሚለው ሲጠና የኖረው ሕዝብ ነው፤ «እናንተ» ተብሎ የሚነገረው አጥኚው ነው። አንዱ «እንጠይቃችኋለን» ይላል፤ ሌላው «ልትጠይቁን የምትችሉት በዚህ በር ነው» ይላል። እኛ የአገሩ ሰው የመራው ትብብር ምን ማለት እንደሆነ የገባን ከስም ዝርዝር ይልቅ ከዚህ የተውላጠ ስም ለውጥ ነው።

በተግባር የሆነ ምሳሌም አለ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በ2017 የአጥንት ክምችቱን ሲመረምር፣ ከሰዘርላንድ አካባቢ ያለ ፈቃድ የመጡ የዘጠኝ የሳንና የኮይ ሰዎች አፅም አገኘ። አብዛኞቹ በ1920ዎቹ ከአንድ እርሻ መቃብር የወጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ዘሮቻቸውን ፈልጎ ጠየቀ። ቤተሰቦቹ «ከመቅበራችን በፊት እነማን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደኖሩ ማወቅ እንፈልጋለን» ስላሉ ጥናቱ ተካሄደ፤ በኅዳር 2023 አፅሞቹ በአገራቸው ተቀበሩ። ሳይንስ ከመቃብሩ በፊት ቆሞ ለቤተሰብ መልስ ሰጠ ማለት ነው። ባይራ በ2015 ያጣው ይህን ነው።

ሠ. ግለ ሂስ

የሰውን ካልን በኋላ የራሳችንንም እንበል። ሦስቱን ጽሑፎች ያነበብነው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አንድ ጥሩ ማጠቃለያ ፈልገን አላገኘንም፤ ያገኘነው «አፍሪካ በሙሉ ቅልቅል ነው ተባለ» የሚል ዓይነት ወሬ ነው፤ እርማቱ ወሬውን አልደረሰበትም። ይህ የነጮች ጥፋት አይደለም። መተርጎም የኛ የቋንቋ ተማሪዎች ሥራ ነበር፤ አልሠራነውም።

ሌላም አለ። ከኛ መካከል የጣና ዳር ልጅ የሆነው ባልደረባችን፣ ከክርክሩ ማብቂያ ላይ ዝግ ብሎ አንድ ነገር ነገረን። በሐይቁ ዳር ነገደ ወይጦ የሚባሉ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ርኩስ ተብለው ኖረዋል። «ልጅ ሳለሁ ታንኳቸውን እንሳፈራለን፤ በብርጭቆአቸው ግን ውሃ አንጠጣም ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ለካ ስለ ማላዊና ስለ ሞታ አዳኞች ክብር ስንከራከር ያመሸነው፣ የአዳኞቹ ልጆች በሠሩት ታንኳ ተሳፍረን ያደግን ሰዎች ነን! ከሃርቫርድ የመጣውን አጥኚ «ጠይቀሃል ወይ?» ከማለታችን በፊት እኛስ ጠይቀናል ወይ?

ስለዚህ ክበባችን ሦስት ነገር ወስኗል። አንደኛ፣ የአሪን ጥናት ማጠቃለያ በአማርኛ ተርጉመን ለሚቀጥለው እትም እናቀርባለን፤ ባዮሎጂ የምታጠኑ ጓደኞቻችን እርሙልን። ሁለተኛ፣ ከጋሞ፣ ከአሪና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጣችሁ ተማሪዎች፣ አያቶቻችሁ ስለ ዋሻዎቻቸው፣ ስለ አደንና ስለ ቀጥቃጮች የሚናገሩትን እየጠየቃችሁ በቋንቋችሁ ጻፉልን፤ ትርጉሙን አብረን እንሠራለን። ስማችሁም ከላይ ይሆናል፤ የጠየቃችኋቸው ሰዎች ከፈቀዱ የነሱም ስም እንዲሁ። ሦስተኛ፣ የጣና ዳሩ ባልደረባችን ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ወደ ታንኳ ሠሪዎቹ መንደር ሄዶ ቁጭ ብሎ ሊያጫውታቸው ቃል ገብቷል። ውሃ ከሰጡትም ሊጠጣ።